የአጎቴ ጭስ በጠመኔ ሲቆጠር

ልብስ ሰፊው አጎቴ ሲጋራ ያጨስ በነበረበት ዘመን አንድ ሕግ ነበረው፤ ፍንጣሪ የሰው ጨርቅ እንዳያቃጥልበት ደጅ ሳይወጣ አይለኩስም፤ አንድ ሱሪ ሳይጨርስም ከስፌት መኪናው አይነሣም። በቀን ከስምንት አያልፍም ነበር። ሳል ሲጸናበት በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንዲለውጠው የመከርሁት፣ አንድ ጽሑፍ አንብቤ የተመካሁት እኔ ነኝ። አሁን መሣሪያውን ከሜትሩ ጋር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል። ክር ሲያስገባ ይምጋል፤ ቁልፍ ሲተክል ይምጋል፤ ሳሉም አልለቀቀውም።

«ሲጋራ እኮ ተውኩ!» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

የሚስቱ አንጀት ግን አርሯል። «አንቺ ተማሪ፣ ከድጡ ወደ ማጡ የከተትሽው አንቺ ነሽ፤ በይ ቁጠሪለት!» አለችኝ። በማገ ቁጥር በቁራጭ ጨርቅ ላይ በጠመኔው አንድ መስመር አሰመርሁ። እስከ ምሳ ሰዓት መቶ አርባ ደረሰ።

አጎቴ ጨርቁን አገላብጦ አየና «ተሳስተሽ ነው» አለኝ፤ ይህንንም ብሎ ማገ። መቶ አርባ አንድ።

«አንተ ሰውዬ፣ እንደ ድሮው ደጅ ውጣ!» አለች ሚስቱ። «ይኼ ዕቃ ከዛሬ ጀምሮ ከበሩ ውጪ ምስማር ላይ ይሰቀላል።»

ያለ ክርክር እሺ አለ። እኔም የድሮው ሕግ ተመለሰ ብዬ በልቤ ተደሰትሁ።

በማግስቱ ከሚስቱ ጋር ወደ ሱቁ ስንመጣ መሣሪያው፣ እንደተባለው፣ ከበሩ ውጪ ተሰቅሏል። ከሥሩ ግን የስፌት መኪናው ከነወንበሩ ተቀምጧል።

«ደጅ ውጣ አላልሽም?» አላት አጎቴ እየሳለ።