እማዬ አንዴ ብቻ የተናገረችው

የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች «ጆሮ» ይሉታል። በስቱዲዮ መስታወት ማዶ የተቀመጠ ሰው ኪስ ውስጥ የተንሿሿ ቁልፍ ሰምቶ «አውጣው» የሚል ድምፅ ቀጂ ነውና ቅጽል ስሙ አልበዛበትም። ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ከሰው ጋር ቢጣላ በድምፅ ምክንያት ነው፤ ከበር ጋር ይጣላል፣ ከወንበር ጋር ይጣላል፣ ከሚያስል እንግዳ ጋር ይጣላል።

የሚቀዳባት መሣሪያ መዳፍ የምታህል፣ ትንሽ ዲስክ የምትውጥ ተንቀሳቃሽ መቅረጫ ናት። የሥራ ባልደረቦቹ መሰሏን ከጣሉ ቆይተዋል፤ እሱ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳላታል። ልብስ ሰፊዋ እህቱ «ለምን በስልክህ አትቀዳውም?» ስትለው እናቱን የሰደቡበት ያህል ከፋው።

ጉዳዩም የእናታቸው ነበር። ጉሮሮዋ ውስጥ የበቀለውን ነገር ለማውጣት ሐኪሞቹ ማንቁርቷን አብረው ሊያነሱት ነው፤ ከነገ በኋላ ድምፅ የላትም። ፊደል ስላልቆጠረች ጽፋ የምታስረዳው ነገርም አይኖርም። ያልተነፈሰችው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፦ የአባታቸው ነገር። አባትየው የሞተው እሱ ገና ሲድህ፣ እህትየው በማህፀን ሳለች ነው። ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ እንዴት ሞተ ሲሏት «እሱን ተዉት» ብላ ወደ ጓዳ መግባት ነበር ልማዷ። አሁን ግን እናገራለሁ አለች።

«አንዴ ነው የምናገረው» አለችው። «እህትህ ፊት አልችልም፤ አልቅሳ ታስለቅሰኛለች። አንተ ቅዳውና ብቻዋን ትስማው።»

እህትየው ይህን ስትሰማ የወንድሟን እጅ ያዘች። «አደራህን፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጥህ።»

በማግስቱ ለቀዶ ጥገና ልትገባ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዕቃውን አንጠልጥሎ እናቱ ቤት ሄደ። ገና ከበሩ ነገሩ ሁሉ ጠማማ ሆነበት። የመቅረጫዋ ባትሪ ሞቷል፤ ምትኩ ከገበያ የጠፋ ነው። እየተነጫነጨ በገመድ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካት። ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ ነቀለው።

«ወተቱ ይበላሻል» አለች እናቱ።

«ለአንድ ከሰዓት አይበላሽም፣ እማዬ።»

ጎረቤት ያለው አናጢ መዶሻውን አነሳ። ጆሮ ወጥቶ ለመነው፤ አናጢው እሺ ብሎ በመጋዝ መቁረጥ ጀመረ። ተመልሶ ወጣና ተጨቃጨቀ። ሲገባ እናቱ የተቀመጠችበት ወንበር ይንቋቋል፤ ቀየረላት። የጠረጴዛው ላስቲክ ይንኮሻኮሻል፤ ገፈፈው። የአንገት ሐብሏ ከሹራቧ ቁልፍ ጋር ይጋጫል።

«እማዬ፣ ወደ ማይኩ ቀረብ በይ። እንደሱ አይደለም። ጠረጴዛውን አትምቺብኝ።»

«ላወራ ነው ወይስ ፎቶ ልነሳ?» አለች።

በመጨረሻ ማውራት ጀመረች። ዓይኗን መስኮቱ ላይ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ እየተወች እየቀጠለች። እሱ ሄድፎኑን ደፍቶ በምትዘለው የድምፅ መለኪያ ላይ አፈጠጠ። ድምፅዋ ሲወርድ ከፍ ያደርጋል፤ ሲጨምር ይቀንሳል። አንድ ቦታ ላይ እንባዋ መጣ፤ እሱ የሰጋው አፍንጫዋን እንዳትናፈጥበት ነው። እንደዚህ ያለ የጠራ ቀረጻ ሠርቶ አያውቅም።

«ይኸው ነው» አለች። የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነ። «አለቀ፣ እማዬ።»

እውነቱን ለመናገር አላለቀም ነበር። ይቺ መሣሪያ የምትሰማውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ብታኖርም፣ የቱ የት እንዳለ የምታሰፍረው ካቆመች በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት ኤሌክትሪክ ከተቋረጠባት ዲስኩ ባዶ ነኝ ይላል። ጣቢያው ውስጥ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይህን ጮኾ የሚያስተምረው እሱ ነው። እናቱ ደግሞ ሥራው ያለቀ ነገር ሶኬት ላይ ተሰክቶ ማየት የማይሆንላት ሴት ናት፤ ቤት ይቃጠላል ትላለች። «አለቀ» ሲል እጇ ገመዱ ላይ ነበር። ነቀለችና ፍሪጁን ሰካች።

ጆሮ ክው አለ። ገመዱን ነጥቆ መልሶ ሰካ፤ የመቅረጫዋ ስክሪን ላይ «ባዶ ዲስክ» የሚል ጽሑፍ መጣ። አወጣው፣ አስገባው። ባዶ። በማን ላይ ይጩህ? አለቀ ያለው ራሱ ነው።

«ምነው ልጄ?»

«ምንም። እማዬ፣ ምናልባት ከመጀመሪያው አንድ ጊዜ ብትደግሚልኝ... ድምፁን ትንሽ...»

«አንዴ ነው ብዬሃለሁ» አለች። «ተወኝ አሁን። ከላዬ ላይ ድንጋይ እንዳነሱልኝ ነው የቀለለኝ።»

ፊቷ ፈክቶ ነበር። ይህን ፊት እያየ የቀዳሁትን ውሃ በላው ብሎ መንገር አልሆነለትም። ከዚያ በቀጥታ የሄደው ዕቃ ጠጋኝ ዘንድ ነው፤ ጠጋኙ ዲስኩን አገላብጦ «ከዚህ ምንም አይወጣም» አለው።

በማግስቱ እናታቸው በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ከገባች በኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ ለእህቱ ነገራት። ባዘጋጀው ስድብ ራሱን ሰደበ፣ ባትሪውን ሰደበ፣ ገመዱን ሰደበ። እህትየው አልጮኸችበትም። አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ፊቷን ጠራርጋ ወደ እሱ ዞረች።

«እሺ፣ ዲስኩ ይቅር» አለች። «አንተ እዚያው ነበርክ አይደል? አንተ ንገረኝ። ስለ አባዬ ምን አለች?»

አፉን ከፈተ። መጋዙ የቆመው ከመጀመሯ በፊት እንደሆነ ያውቃል። ሐብሏ ሁለቴ የሹራቧን ቁልፍ እንደነካ ያውቃል። መሃል ላይ ጉሮሮዋ ደርቆ ውሃ እንደጠጣች፣ መጨረሻው አካባቢ ለረጅም ጊዜ ዝም ስትል እዚህ ጋ ለመቁረጥ ይመቻል ብሎ ደስ እንዳለው ያውቃል። ስለ አንድ ድልድይ ያወራች ይመስለዋል፤ ወይም ድልድዩ የሌላ ሰው ቀረጻ ላይ ነው።

እህቱ ትጠብቃለች።

«ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር» አላት።