የማይጮህ ፍሬን

ባለሱቁ ሳይክሏን ገልብጦ የኋላ ጎማዋን አሽከረከረና ፍሬኑን ያዘ። ሲጥጥጥ አለ። ልጄ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። «አዲስ ስለሆነች ነው፣ ትንሽ ዘይት ጠብ ሳደርግባት ዝም ትላለች» አለና ከመደርደሪያው ሥር ቆርቆሮ አውጥቶ ክዳኑን ከፈተ። ያኔ ሽታው መጣ።

የካምቢዮ ዘይት ነው። የከባድ መኪና ማርሽ የሚዋኝበት ወፍራም ዘይት፤ የተቃጠለ ጎማና የተበላሸ እንቁላል አንድ ላይ የሚሸት፣ ልብስ ከነካ ሦስት አጠባ የማይለቅ። የሰውየውን እጅ ቀጨም አድርጌ ያዝኩት። «እንዳትነካት!» ስል ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ሰውየው ቆርቆሮውን ከደነ፤ ልጄም ሳቋን አቆመች። እናቷ ከባለሱቅ ጋር ስትጣላ አይታ አታውቅም። አሁን ለእናንተ የምነግራችሁን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ እዚሁ አዳማ። አባቴ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ የተሳቢ ሹፌር ስለነበረ በአሥራ አምስት ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ቤቱ ቢያድር ነው። አንዲት ሴትዮ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ሴትዮዋን «እትዬ» ስትል ወገቧ ጎንበስ ይል ነበር፤ ውኃው የእሳቸው፣ መብራቱ የእሳቸው፣ የግቢው ቁልፍም የእሳቸው ነው። በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ልጁ ደግሞ አክስቱ ከአውሮፓ የላከችለት ሳይክል ነበረው። አሮጌ ናት። ካሏት ማርሾች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፣ ኮርቻዋም በፕላስተር የታሰረ ነው። ግን ኦርጅናል ናት። ብረቷ ላይ የተጻፈውን ስም ማናችንም በትክክል ማንበብ አንችልም፤ በአጠገቧ ስናልፍ ግን ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ አራግፎ ሲመለስ ከጋቢናው ካርቶን አወረደ። ውስጡ ማውንቴን ሳይክል ነበረች፤ ቀይና ጥቁር፣ ሃያ አንድ ማርሽ፣ መሃሏ ላይ ወፍራም ሞላ ያላት፣ የቻይና። «ለሴት ልጅ?» ብላ እናቴ ተነሣችበት። «መንገዱ መቼ ይጠይቃል?» አላትና ጆንያ አንጥፎ ይገጣጥማት ጀመር። ፋብሪካ ያጠበቃቸውን ቡሎኖች እንኳን አንድ በአንድ ፈትቶ እንደገና አጠበቃቸው። እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ፤ እሱ ያወራል።

«ርካሽ ዕቃ ሁሉ መጥፎ አይደለም። እነሱ የቆጠቡትን ድካም አንቺ ትጨምሪበታለሽ። በየቅዳሜው ቡሎኗን ካየሽላት ከማንም አታንስም።»

የአከራያችን ልጅ ከበረንዳቸው ሆኖ ሲያየን ቆየና «ማርካዋ ምንድን ነው?» አለ። አባቴ ቀና ሳይል «ብረት» ብሎ መለሰለት።

ሳይክሏ አንድ ነውር ነበረባት፤ ፍሬን ሲያዝ ትጮሃለች። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ ነው የምትሰማው። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ «ቻይና መጣች! ማጠፊያዋን ዘይት ቀቡልኝ!» ሲል ጓደኞቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። በሁለት ወር ውስጥ የሰፈሩ ልጆች ስሜን ትተው እኔንም «ቻይና» ይሉኝ ጀመር። ለአባቴ እያለቀስኩ ነገርኩት። «የሚጮህ ፍሬን እየሠራ ነው፣ ልጄ። እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው» አለኝ። ተሳቢ ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ የኖረ ሰው ነበር የሚነግረኝ። እኔ ግን ለፍሬን ደንታ አልነበረኝም፤ የከበደኝ የልጆቹ ሳቅ ነበር።

የሰፈሩ ባለሳይክሎች እሑድ ሶደሬ እንሂድ ሲሉ አባቴ መንገድ ላይ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ገበያ ስትሄድ፣ ከጓዳው መደርደሪያ ላይ የአባቴን የካምቢዮ ዘይት አወረድኩ። በጨርቅ ነክሬ የሁለቱንም ጎማዎች ቸርኬ ዙሪያውን አሸሁት፤ ቸርኬውን የሚይዙትን የፍሬን ጎማዎችም እስኪጠጡ ቀባኋቸው። ጎማዋን አሽከርክሬ ፍሬኑን ስይዘው ምንም ድምፅ የለም። በራሴ ብልሃት ኮራሁ። ደስ ብሎኝ ብቻዬን እንደሳቅሁ አስታውሳለሁ።

እሑድ ጠዋት ስድስት ሆነን ወጣን። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ከኋላ እየገፋልን፣ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ፣ አዋሽ መልካሳ ደረስን። ልጆቹ ሸንኮራ ሊገዙ ሲቆሙ እኔም ፍሬን ያዝኩ። የፍሬኑ እጀታ መሪው ድረስ ገባ፤ ሳይክሏ ግን ዝም ብላ ትሄዳለች። በጫማዬ ሶል መሬቱን እየጎተትኩ ከሸንኮራው ክምር አጠገብ እንደ ምንም ቆምኩ። ፍሬኗ እንደማይዝ ያወቅሁት እዚያ ነው፤ አላወቅሁም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም።

የአከራያችን ልጅ ሸንኮራውን እየመጠጠ ዞረኝ። «ዛሬ ጨዋ ሆናለችሳ! ምን አደረግሻት?»

«ተገራች» አልኩት።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ቆመ። ከታች መንገዱ በግራሮቹ መሃል እየተጠማዘዘ ወደ ሶደሬ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ከሥር እንደ ምድጃ ትንፋሽ ይመጣል። «እንቀያየር፣ ሞላዋን ልሞክረው» አለኝ። ያቺን ኦርጅናል አንድ ቀን እንኳ አስነክቶኝ አያውቅም። ፍሬኗ አይዝም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ብናገር አምስቱም ከት ብለው እንደሚስቁ፣ «አላልንም? ቻይና!» እንደሚሉ ታየኝ። እጄም ፕላስተር የታሰረበትን ኮርቻ ይዞ ነበር።

«ያዝ» አልኩት።

ቀድሞ ወረደ። መጀመሪያ ላይ እየጮኸ ነበር፤ የደስታ ጩኸት ነው። ከዚያ እግሮቹ ከፔዳሉ ወርደው መሬት መሬት ሲፈልጉ አየሁ፤ ከጫማው ሥር አቧራ ቦነነ። «ፍሬን!» አለ። «ፍሬን የላትም!» ከኩርባው ጠጠር የጫነ ገልባጭ እያቃሰተ ብቅ አለ። ጥሩምባው ተነፋ፤ እግዜር ያውቃል፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ፈርቻለሁ፣ እንደዚያ ግን ፈርቼ አላውቅም። ልጁ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘና ከመኪናው አፍንጫ ሥር አምልጦ ግራሩ ውስጥ ገባ። ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ። እኔም የኦርጅናሏን ፍሬን በሙሉ ኃይሌ ያዝኩ። ያ ሁሉ የተከበረ ስም ልክ እንደ እኔዋ ሲጥጥጥ ብሎ ጮኸና ቆመ።

ልጁ በግንባሩ ተደፍቷል፤ አንድ ክንዱ ከደረቱ ሥር ተጣጥፏል። የተላጠ ግራር ይሸታል። የሳይክሏ የፊት ጎማ ወደ ላይ ሆኖ ያለ ድምፅ ይዞራል። ሞቷል ብዬ አመንኩ። ገደልኩት፣ ከቤት ያስወጡናል፣ አባቴ ያውቃል፤ እነዚህ ሦስቱ በጭንቅላቴ ተራ በተራ ይመላለሱ ነበር፤ የትኛውን ይበልጥ እንደፈራሁ ዛሬም ለራሴ መናገር አልፈልግም።

ሽንኩርት የጫነ ባለጋሪ አህያዎቹን አቁሞ ሮጠ። የልጁን አንገት በመዳፉ ዳበሰና ቀና ብሎ አየኝ። «ሂንሶዳቲን፣ የኔ ልጅ። አትፍሪ፣ ይተነፍሳል» አለኝ። ከጆንያዎቹ ላይ አስተኝቶት ወደ መልካሳ ጤና ጣቢያ መለሰን። እኔ ከጋሪው ጎን እየሮጥኩ የልጁን ፊት አያለሁ። መሃል መንገድ ላይ ዓይኑን ገለጠ። ዘይቱን አሽትቶት ቢሆንስ? ምን ሊል ነው? ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ቻይና» አለ። «አላልኩም?»

ያን ስም የጠላሁትን ያህል ምንም ነገር ጠልቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሥሩ ገብቼ ተደበቅሁ። ሌሎቹ ልጆች «ርካሽ ዕቃ ነዋ!» አሉ፤ ቁስሉን ያጠበችው ነርስ «እነዚህን ነገሮች ማን ያስገባቸዋል?» አለች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ልጁ ክንዱና ትከሻው ተሰብሮ፣ ቅንድቡ ተሰፍቶ ቤቱ ገባ። እኔ ሳይክሏን ግቢው ቧንቧ ሥር ወስጄ ቸርኬዋን በልብስ ሳሙና አጠብኩ፣ አጠብኩ። ቸርኬው ነጣ። የፍሬኑ ጎማ ግን የጠጣውን አልተፋም።

አባቴ እስኪመጣ ሁለት ቀን ፈጀ። አስፋልቱ ላይ የተሳቢ ፍሬን ፍስስ ባለ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ አዳምጥ ነበር። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ያ ድምፅ ከመንገዳችን ጫፍ መጣ፤ ሮጬ ገብቼ ከበራችን ኋላ ቆምኩ።

መጀመሪያ ልጁን ሊጠይቅ ገባ። ሲወጣ በቀጥታ ወደ ሳይክሏ ሄዶ ቁጢጥ አለ። ፍሬኑን ያዘ፤ ዝም። ጎማውን አዞረ፤ እንደገና ያዘ፤ ዝም። ከዚያ የፍሬኑን ጎማ በጥፍሩ ጫን አደረገና ጣቱን አፍንጫው ላይ አኖረ።  ወደ እኔ አልዞረም፤ በክፍቱ በር ወደ ጓዳችን፣ ወደ መደርደሪያው ብቻ አየ።  ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

አከራያችን ነጠላቸውን እያጣፉ ከበረንዳው ወረዱ። «ርካሽ ለቃቅመህ አምጥተህ ልጄን ልትገድልብኝ ነው? ለገዛ ልጅህስ እንዴት አስቻለህ?» አሉት። እናቴ ወገቧ ጎንበስ አለ። አባቴ ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ። ፍሬኗን በደንብ ሳላይ ነው ለልጅ የሰጠሁት» አላቸው።

ሹፌር ሰው በአደባባይ ፍሬን አላየሁም ሲል ምን እንደሚያጣ ያኔ አልገባኝም። ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ልቀቁ ተባልንና ከከተማው ዳር፣ አቧራው ቤት ድረስ የሚገባበት ሰፈር ወጣን። አባቴ ሳይክሏን ፈታትቶ ካርቶኗ ውስጥ መለሳት፤ ከዚያ በኋላ ስሟን አንሥቶ አያውቅም። የሥራ ጓደኞቹ ግን አልተዉትም። «እስቲ ፍሬንህን አይተሃል?» ይሉታል፤ አብሯቸው ይስቃል። እኔ በሳቁ መሃል ሻይ እያቀረብኩ፣ ምናልባት አልገባው ይሆናል እላለሁ። ጣቱ ላይ ሌላ ነገር ሸትቶት ይሆናል። በዚህች «ምናልባት» ሃያ ዓመት ኖርኩባት፤ ሁልጊዜ ሊጠይቀኝ የተዘጋጀ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ዛሬ ከሱቁ ሳይክሏን ባጃጅ ላይ አሳስረን ወደ እሱ ስንሄድ ቆርጬ ነበር፤ እነግረዋለሁ። ግን የሞተር ድምፅ ጆሮውን ከበላው ቆይቷል። አጠገቡ ያለ ሰው ካልጮኸ አይሰማም። ሃያ ዓመት የደበቅሁትን ነገር በሹክሹክታ ልነግረው አልችልም፤ ጎረቤት እየሰማ ደግሞ እንዴት ብዬ? በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳይክሏን ሲያይ ፊቱ በራ። እኔ በዝግታ «አባዬ» ብዬ ጀመርኩ። አልሰማኝም።

በምርኩዙ ተነሥቶ እንደ ድሮው ቁጢጥ አለ፤ አሁን ጉልበቱ ይንቋቋል። ቡሎኗን በጣቱ ነካካ። ጎማዋን አዞረ። ከዚያ አመልካች ጣቱን በቸርኬው ላይ ዙሪያውን አስኬደና አፍንጫው ላይ አኖረው። ያኔ ያላየኝ ሰው አሁን ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ።

«ዛሬ ንጹሕ ነው» አለኝ።

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። እኔ የበረንዳውን ቋሚ ያዝኩ፤ እንባዬ መጣ። እሱ ግን ልጄን ከኮርቻው ላይ እያስቀመጠ ነበር። «በየቅዳሜው ቡሎኗን ታያለሽ፣ እሺ?» ይላታል። ልጄ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረችና አጥሩ ሥር ስትደርስ ፍሬን ያዘች። ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል። አባቴ የልጄን እጅ እያየ ነበር፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጮኸ?» አለኝ።

«ጮኸ፣ አባዬ!» አልኩት፤ እንዲሰማኝ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።