ጎመን ያጠርንበት አጎበር

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትናንት ያመጣችልኝን አጎበር ከፕላስቲኩ ሳወጣው፣ ያ ሰርሳሪ የመድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና መናኸሪያ ጀርባ ወደነበረው ቤታችን፣ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔም አጎበር ተሰጥቶን ነበር። የስድስት ዓመቷ እህቴ ሳራ፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው የራሷን ስም በፉጨት የምትጠራው፣ በተሰቀለ ዕለት ውስጡ ገብታ ሙሽራ ነኝ፣ ምሳዬን እዚሁ አምጡልኝ አለች። እማዬ ግን ሳምንት ሳይሞላው አወረደችው፤ የጎረቤት ዶሮዎች አላስቀምጥ ስላሏት በአራት እንጨት ወጥራ የጓሮ ጎመኗን አጠረችበት። ጎመኑም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰፈሩ የሚቀናበት ሆነ።

የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን እትዬ አልማዝ ቤት ለቤት ስትዞር መጣች። እማዬ አስቀድማ ባስጠናችኝ መሠረት ተሰቅሏል አልኳት፤ ገብቼ ልየው ስትል፣ እማዬ ጓሮ ቁጢጥ ብላ እየሰማችኝ፣ ቁልፉን ይዛ ገበያ ሄዳለች አልኩ። እትዬ አልማዝ ጎበዝ ብላ ራሴን ዳበሰችኝ።

ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየጉድጓዱ እንደተኛ ሳራን ብርድ ብርድ አላት። እማዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨመቀችላት፤ ትኩሳቱ በረድ ሲል ዳነች አለች፣ ሲመለስ ደግሞ ጨመቀች። በአምስተኛው ቀን የሞያሌ መስመር ሹፌር የነበረው አባዬ ከመንገድ ገባና አቅፏት ወደ ሐኪም ቤት ሮጠ። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል አሉት። ሬሳዋ ሳይመጣ እማዬ አጎበሩን ከጎመኑ ላይ ነቅላ ሽንት ቤት ስትጥለው አየኋት።

ለቅሶ የመጣችው እትዬ አልማዝ፣ ልጅቷ አጎበር ውስጥ ትተኛ እንደነበር አባዬን ቀስ ብላ ጠየቀችው። እማዬ ነጠላዋን ከፊቷ ሳታነሳ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች።

"ይቺ ናት፤ ልትጫወትበት አውርዳ ጣለችው። እኔ የት አውቄ?"

አባዬ አልመታኝም። ከዚያ በፊት ለዘመን መለወጫው ለፍቼ በዓል ወደ ጉዱማሌ አደባባይ በትከሻው ተሸክሞኝ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እጄን እንኳ አልያዘም። ስሜን ትቶ "አንቺ" ይለኝ ጀመር፤ ስዳርም መርቆኝ የሸኘኝ አጎቴ ነው።

አምና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እውነቱን ልነግረው ወስኜ ገባሁ። እማዬ ራስጌው ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥለታለች። አፌን ሳልከፍት፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ እጄን ያዘኝ።

"ልጄ፣ የሳራን ነገር ይቅር ብዬሻለሁ።"

እማዬን አየኋት። ብርቱካኑን መላጥ አላቆመችም።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አባዬ" አልኩት።