ለፎቶ የወጣው ሰንሰለት

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ከመጋዘኑ ጀርባ ያለች ክፍል አሳየኝና «እዚህ ይሻላል፤ የአንቺዎቹ ሌላውን በሽተኛ እንዳይረብሹ» አለኝ። ክፍሏ መስኮት የላትም። ጠረጴዛ ብጠይቅ አንድ እግሩ የተሰበረ አመጡልኝ። ስሜን በወጉ ሳይዙ «የእብዶች ሲስተር» አሉኝ። ጡረታ እስክወጣ እንዲሁ ተባልኩ፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለገበሬ ያስቸግራል። ስለዚህ አብዛኛውን በሽተኛ በወር አንዴ ዳሌ ላይ በሚወጋ መርፌ እናክም ነበር። ቀጠሮውን የምንሰጠው በሚካኤል ወይም በማርያም ነው፤ ያን ቀን በሬ ስለማይጠመድ ማንም አይረሳውም። ጠበል የሚጠመቀውንም ከጠበል መልስ ብቅ በል እንለዋለን እንጂ ተው አንልም።

ከጊዜ በኋላ አንድ ዩኒቨርሲቲ በገጠር ስላለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ሊያጠና መጣና የመስክ አስተባባሪ አደረገኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም። ስለ አንጎል የማናውቀውን አስተማሩን። ይቆራረጥ የነበረው መድኃኒትም በሰዓቱ መምጣት ጀመረ።

ሙላትን ያወቅሁት በዚያ ጥናት ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ በርበሬ የሚያመርት ወጣት ገበሬ ነው። ሕመሙ ሲነሣበት ያገኘውን ይማታል፣ ጫካ ይገባል። አባቱ አያ ደሴ ከቤቱ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አስረውት ነበር፤ ሚስቱ ጥሩየም ፈርታ አባቷ ቤት ገብታለች። በአባቱ አልፈርድም። ሌላ ምን ነበራቸው?

መርፌው ያዘለት። ሰንሰለቱ ከእግሩ ተፈታ፤ አያ ደሴም ኮርማቸውን አሰሩበት። ሙላት አረሰ፣ በርበሬውን ለቀመ፣ ወደ ማኅበሩ ተመልሶ ከሰው ጋር ጽዋ ጠጣ። ሽማግሌዎች ሚስቱን ሊያስመልሱ አማቱ ዘንድ ተመላለሱ። አማቱም «በእርግጥ ከዳነ ልጄን አልከለክልም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሙላት ለመርፌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሣው የጥሩየን ነገር ነበር።

የጥናቱ መሪ ዶክተር ከከተማ የመጣው ሽማግሌዎቹ ጥሩየን ሊያመጧት በተቃረቡበት ሳምንት ነው። አብረን ሙላት ቤት ሄድን፤ አይቶት ተደሰተ። ለውጤት ማቅረቢያ ብሎ ፎቶ አነሣው። ከዚያ «ታስሮ የነበረበትስ ፎቶ?» አለኝ። ያኔ ማንም አላነሣውም።

ወደ አያ ደሴ ዞረ። «ሰንሰለቱ አለ?»

«አለ ጌታየ፤ ኮርማው አንገት ላይ ነው።»

«ለአንድ አፍታ ያምጡልን።»

ቤትህ የመጣ እንግዳ ጠይቆ እንቢ አይባልም፤ ያውም ልጅህን ያዳነ እንግዳ። አያ ደሴ ሰንሰለቱን ይዘው መጡ። ሙላት ምሰሶው ሥር ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። ለፎቶ ሲባል ኮርማ ተፈትቶ ሰው ሊታሰር ነው።

«ይህማ አይሆንም» አልኩ።

«ሲስተር፣ ፊቱን እንሸፍነዋለን። ማን እንደሆነ አይታወቅም» አለኝ ዶክተሩ።

እስከዚያ ቀን አንቱ እለው ነበር። «ፊቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰው ትሸፍንለታለህ፤ አጥሩ ላይ ለቆመው ጎረቤት ማን ይሸፍንለታል?» አልኩት። መኪና አይቶ የተሰበሰበው ሰው አጥሩን ሞልቶት ነበር።

«ራሱ ፈቅዷል እኮ። አልፈቀድክም ሙላት?»

«እናንተ ካላችሁ» አለ ሙላት። ቀና ብሎ አላየንም።

ሰንሰለቱን እንዲሰጡኝ አያ ደሴን ለመንኳቸው። «ተይ ልጄ፣ እንግዳ አናስቀይም» አሉኝና አሰሩት። ዶክተሩ ፎቶውን አነሣ፣ አመሰገነና ወደ መኪናው ገባ። እኔ ሰንሰለቱን ከሙላት እግር ፈታሁ።

ሙላት እንደገና ታሰረ የሚለው ወሬ በቀጣዩ ገበያ አማቱ ቤት ደረሰ። ራሴ ሄጄ ለፎቶ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ በአክብሮት አስቀምጠው ሰሙኝ። «ሲስተር፣ ጤነኛ ሰው የሚያስር ሐኪም አለ እያሉኝ ነው?» አሉ። አለ ብላቸው ማን ያምነኛል? ጥሩየ ሳትመለስ ቀረች።

በሚካኤል ሙላት አልመጣም። መርፌውን ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

«ድነሃል ስትሉኝ አምኛችሁ ነበር» አለኝ። «ከዳንኩ ሰንሰለቱን ለምን አመጣችሁት? ካልዳንኩስ መርፌው ምን ሊያደርግልኝ?»

ለመንኩት፣ ተመላለስኩ፤ እንቢ አለ። ክረምቱ ሳይወጣ ሕመሙ ተነሣበት። አያ ደሴ ሰንሰለቱን ከኮርማው አንገት አውልቀው ወደ ምሰሶው መለሱት።

የጥናቱ ውጤት ባሕር ዳር በአንድ አዳራሽ ቀረበ። ሰንሰለት ያለበት የሙላት ፎቶ ግድግዳው ላይ ወጣ። ፊቱ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ «ከሕክምና በፊት» ይላል። ቀጥሎ ሲስቅ የተነሣው መጣ፤ ሰው አጨበጨበ። እጄን አንሥቼ «ሁለቱም የተነሡት በአንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ጤነኛ ነበር። በእውነት የታሰረው አሁን ነው» አልኩ። ዶክተሩ ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። ሰብሳቢው አስተያየቴን እንደተቀበሉ ነግሮኝ ሁላችንንም ወደ ሻይ ጋበዘን። እኔ ሻዩን ሳልጠጣ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

በቦታችን ለምትተኩ ነርሶች የምላችሁ አንድ ነገር ነው። «እናንተ ካላችሁ» ያለ ታካሚ አልፈቀደም።