«ማንም አይጠቀምበትም» ያልኩት መስመር

ሰው በጻፈው ይኮራል፤ እኔ የምኮራው በሰረዝኩት ነው። ቤቴም እንደዚያው ነው። ሁለት ማንኪያ ካለኝ አንዱ ትርፍ ይመስለኛል። እህቴ ሚዛን ተፈሪ ልትጠይቀኝ ስትመጣ የራሷን ብርጭቆ ይዛ እንደምትመጣ ለሰው ታወራለች። ውሸቷን ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቀችም።

ቀን ቀን የቢሮ ኮምፒውተሮች እጠግናለሁ። ከሥራ መልስ ደግሞ ፊታቸውን አይቼ ከማላውቃቸው የሌላ አገር ሰዎች ጋር አንድ ዲበገር ላይ እሠራለሁ። ዲበገር የሌላ ፕሮግራም ስህተት የሚፈለግበት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን መንገድ ላይ ያስቆመውና የትኛው መስመር ላይ እንደደረሰ፣ በእጁም ምን እንደያዘ ያሳያል። የእኛው ዲበገር ዕድሜ ጠገብ ነው። በብዙ ዓይነት ማሽኖች ላይ ስለሚሠራ ድሮ ለእያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው ኮድ ተጽፎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ ኮድ መጣ፤ የድሮዎቹ ግን እዚያው ቀሩ። አንዱን ሥራ ሁለቴ የሚሠራ ኮድ ማለት ነው። ይህን እየለየሁ እንድሰርዝ ሲነገረኝ ሠርግ የተጠራሁ ያህል ደስ አለኝ።

ከእነዚህ አንዱ ፎልደር መመረታቸው ከቆመ ብዙ ዓመት ለሆናቸው ማሽኖች የተጻፈ ነበር። ከጋራው ኮድ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ ካለች አንዲት መስመር በቀር ሁሉም አንድ ነው። ፕሮግራሙ ሲቆም ማሽኑ አንድ እርምጃ አልፎ ያመለክታል፤ ያቺ መስመር ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ይህንን ሥራ ዛሬ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ይሠራዋል ብዬ ደመደምኩ። በላፕቶፔ ሞከርኩት፤ ያለ እሷም ይሠራል።

ደንቡ ከመሰረዝ በፊት መጠየቅ ነው። «ይህን ማሽን የሚጠቀም አለ?» ብዬ ለሁሉም በሚደርስ ኢሜይል ጠየቅኩ። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፤ አንድም ሰው አልመለሰም። ከዲበገሩ ሰዎች መካከል ሥራዬን የሚያየው ሰው እርግጠኛ መሆኔን ሲጠይቀኝ አፌን ሞልቼ «ማንም አይጠቀምበትም» ብዬ ጻፍኩለት።

እውነቱን ልናገር። እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት በእነዚያው ማሽኖች ላይ ነው። ቴፒ ባለች አንዲት ትንሽ ማሰልጠኛ ውስጥ ዛሬም እንዳሉ አውቃለሁ። ረስቼው ነበር እንዳልል አልረሳሁም። ከሰዎቹ ጋር ስጻጻፍ አሮጌ ማሽን ካለበት ቦታ የመጣሁ መምሰል አልፈለግኩም። ያን ጊዜ በማሽኖቹ አፈርኩ፤ ዛሬ የማፍረው ያን ጊዜ በማፈሬ ነው።

እዚያ ያስተማሩኝ ሴት አሁንም ያስተምራሉ። ወላጆቻቸው ከጅማ በኩል የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሳቸው ግን ሱቁን ለወንድሞቻቸው ትተው ኮምፒውተር ያዙ። ክፍላቸው ኢንተርኔት የለውም። ጣሪያው ስለማይታመን ደመና ሲያዩ በማሽኖቹ ላይ ላስቲክ ያለብሳሉ። የእያንዳንዱን ማሽን ጠባይ የጻፉበት ደብተርም አላቸው፤ አራተኛው ቶሎ ይግላል፣ ዘጠነኛው ሲዘንብ አይነሳም። አዲስ ነገር ሲወጣ በፍላሽ የማመጣላቸው እኔ ነኝ።

የጸዳውን ዲበገርም እንደ ልማዴ ይዤላቸው ሄድኩ። የጋራው ኮድ ይበቃቸዋል ብዬ ስላመንኩ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። በአሥራ አራቱም ማሽኖች ላይ ጫንኩት፤ መከፈቱን አየሁ፤ በቃኝ። የድሮውን ቢያንስ በአንዱ ላይ እናቆየው ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር መያዝ ስለማልወድ ሁሉንም አጠፋሁ። ሻያቸውን ጠጥቼ፣ ተመርቄ ተመለስኩ።

ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ሠልጣኞቹ የብቃት ምዘና ሊቀመጡ አራት ቀን ቀርቷቸዋል። በምዘናው የተበላሸ ፕሮግራም ይሰጣቸውና ስህተቱን በዲበገር ፈልገው ያቃናሉ፤ ያን ያላደረገ ምስክር ወረቀት አያገኝም።

«ልጄ፣ ያመጣኸው ነገር ይዋሻል» አሉኝ። «የሚያሳየው ስህተቱ ያለበትን መስመር አልፎ ነው።»

የትኛዋ መስመር እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። በእነዚያ ማሽኖች ላይ ያለው አሮጌ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያችን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አይመልስም ነበር። የሰረዝኩትን መልሼ በፍላሽ ያዝኩና በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሸኮ ላይ ሰው ለማውረድ ቆምን። አባቴ ቡና ያለው እዚያው ሸኮ ነው። ቡናው ላይ ጥላ ያበዛ ዛፍ ሲኖር ይቆርጣል፤ ቀፎ የተሰቀለበት ከሆነ ግን መሬቱ የራሱ ቢሆንም አይነካውም። ቀፎው የሌላ ሰው ነዋ። ባዶ ቢመስል፣ አንድ ንብ እንኳ ባይታይበት፣ በየገበያው ቀን ባለቤቱን ሲያፈላልግ ይሰነብታል። ልጅ ሳለሁ ባለቤት ቢኖረው እስካሁን በመጣ ነበር ብዬው አውቃለሁ። «የሚመጣው ማሩ ሲደርስ ነው» አለኝ። ያን ዓመት ዛፉ ሳይቆረጥ አለፈ።

እኔ ግን ጥያቄዬን የላክሁት ኢንተርኔት ላላቸው ሰዎች ነው። አሮጌውን ማሽን የያዘው ሰው ኢንተርኔት ካለው ሰው ጋር አንድ ገበያ አይውልም። መምህርቴ ዘንድ ደግሞ ስልክ መደወል ይበቃኝ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሰው ነው።

ቴፒ ስደርስ መምህርቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። በመስኮቱ በኩል ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ሠልጣኝ አሳዩኝ። ልጅቷ የጻፈችው ትክክል ነበር አሉኝ፤ ስህተቷ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ዲበገሩ ግን ቀጥሎ ያለውን ደህናውን መስመር ሲያሳያት እሱን አፍርሳ እንደገና ትጽፋለች። ሲያሳያት ታፈርሳለች። ሦስት ቀን ሙሉ ደህናውን ስታፈርስ ሰንብታ፣ ይህ ትምህርት ለእኔ አይደለም፣ ምዘናውንም አልቀመጥም ብላቸዋለች። ዲበገሩ የተሳሳተ ነው ብለው ሊያሳምኗት ሞክረው ነበር። ከሚዛን የመጣ አዲስ ነገር እንዴት ይሳሳታል ብላ አላመነቻቸውም።

ሌላውን ሁሉ ትቼ በእሷ ማሽን ጀመርኩ። የተመለሰችዋን መስመር የያዘውን ጫንኩና ፕሮግራሟን እንድታስነሳው ጠየቅኳት። ቆመ። ትክክለኛው መስመር ላይ ቆመ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ መስመሩን አነበበችው።

«ስህተቱ የአንቺ አልነበረም» አልኳት። «እኔ ነኝ። አያስፈልግም ብዬ አንድ መስመር ሰርዤ ነው።»

«እኔ ደግሞ እኔ ነኝ ብዬ ነበር» አለች።

ያፈረሰችውን ከደብተሯ ላይ እያየች መልሳ መጻፍ ጀመረች። ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ የሰረዝኩት መስመር ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ምዘናውን ተቀመጠች፤ አለፈችም።

ያ ግን በኋላ ነው። የዚያን ቀን አሥራ አራቱንም ጨርሼ ከመምህርቴ ጠረጴዛ ጎን ተቀመጥኩና በራሴ ስልክ ኢንተርኔት መስመሯ ወደ ዋናው ዲበገር እንድትመለስ ጠየቅኩ። ሰማዩ ስለጠቆረ ማሽኖቹን ላስቲክ አልብሰን ሳንጨርስ መልስ መጣ። ሥራዬን የሚያየው ሰው ነው። ማንም አይጠቀምበትም ብለህ አልነበረም ወይ፣ አሁን ታዲያ ማን ይጠቀምበታል ይላል። ክፋት የለውም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

እጄ «አንዳንድ ሰዎች» ብሎ ጽፎ ነበር። አጠፋሁት።

«እኛ» ብዬ ጻፍኩ። «በተማርኩበት ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ማሽኖች አሉን።»

መምህርቴ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዬ በኩል አነበቡት።

«አሥራ ሦስት በል» አሉኝ። «ዘጠነኛው ሲዘንብ አይነሳም።»

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። አሥራ ሦስት ብዬ አስተካክዬ ላክሁት።