ወይዘሮ ኣብረኸት ያልተጠሩበት ተራራ

እታገኝና ወይዘሮ ኣብረኸት የተዋወቁት ፍራንክፈርት፣ የአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። እታገኝ ከባሏ ከሳህሌና ከልጆቿ ጋር ቦከንሃይም የምትኖር የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ወይዘሮ ኣብረኸት ደግሞ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጻይልስሃይም ብቻቸውን የሚኖሩ ኤርትራዊት ናቸው። አንሶላ ሲያጥፉ አንደኛዋ በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ ይዘው ሲጨዋወቱ ወዳጅነታቸው ጠና።

የእግር ጉዞውን የጀመሩት ወይዘሮ ኣብረኸት ናቸው። "ሐኪሙ ለስኳርሽ ተራመጂ አለኝ፤ ብቻዬን ጫካ መግባት ግን እፈራለሁ" አሏት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄክስት ጣቢያ እየተገናኙ ወደ ታውኑስ ኮረብቶች የሚሄደውን ባቡር ይሳፈሩ ነበር።

የትልቁን ተራራ ሐሳብ ያመጡትም እሳቸው ናቸው። አብራቸው የምትሠራ ሬናተ የምትባል ጀርመናዊት በየዓመቱ የዕረፍት ፈቃዷን በደቡብ ጀርመን፣ በአልጎይ ተራሮች ታሳልፋለች። አንድ ቀን ስለ አንድ ሸንተረር አወራቻቸው፦ መንደር የለውም፣ የመኪና መንገድ የለውም፤ ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ ሰው አናት አናቱን ሲሄድ ይውልና ሂተ በሚሉት የተራራ ማደሪያ ቤት ያድራል። ወይዘሮ ኣብረኸት ብረት ምጣድ የሚያህለውን መተኮሻ አስቀምጠው አዳመጡ።

"ሳልሞት እዚያ ላይ ቆሜ ወደ ታች ማየት አለብኝ" አሉ።

የበረዶውን ወራት በሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ ካርታውን በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲያቅዱ ከረሙ። ሬናተ ውሃ የሚገኝበትን ታሳያለች፤ እታገኝ ማደሪያዎቹን በስልክ ትጠይቃለች፤ ወይዘሮ ኣብረኸት የስንቁን ነገር ያዙ። "በሶ የያዘ ሰው ተራራ አያሸንፈውም" እያሉ ያስቋቸው ነበር።

የካቲት ላይ ወይዘሮ ኣብረኸት ጡረታ ወጡ። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ዳገቱ ይከብዳቸው ጀመር። ትንሽ ይወጡና ዛፍ ይደገፋሉ፤ ወፍ የሚያዩ ይመስላሉ እንጂ ትንፋሻቸውን ነበር የሚሰበስቡት። አንድ ቅዳሜ አብራቸው የሄደችው ሬናተ ይህን አይታ እታገኝን ለብቻዋ ጠራቻት።

"ሸንተረሩ መሃል ላይ መውረጃ የለም። ቢደክማቸው ምን እናደርጋለን?"

እታገኝ 'ሐኪማቸውን እንጠይቅ' ማለት ትችል ነበር። 'አጠር ያለውን መንገድ እንፈልግ' ማለትም ትችል ነበር። "እሳቸው ይቅሩ" አለች። ቃሉ ከአፏ የወጣበት ፍጥነት ራሷን አስደነገጣት። ለጤናቸው ብቻ ብታስብ ኖሮ ባልከፋ፤ ግን እስከ መጨረሻው ለመድረስ ነበር የቸኮለችው።

ለወይዘሮ ኣብረኸት "ማደሪያዎቹ ሞልተዋል አሉ፤ ዘንድሮ ቀርቷል" አለቻቸው።

"እግዜር ካለ ለከርሞ" አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም። ቢጠይቋት ይሻላት ነበር።

በግንቦት በኢትዮጵያና በኤርትራ ድንበር ጦርነት ተነሳ። ፍራንክፈርት ውስጥ ትናንት ሰርግ አብረው የበሉ ሰዎች ባቡር ላይ ፊት ይዟዟሩ ጀመር። በዚያ ሰሞን ወይዘሮ ኣብረኸት እታገኝ ቤት ደወሉ። ስልኩን ያነሳው ምንም የማያውቀው ሳህሌ ነበር።

"ሬናተ ጋ ሄዳለች፤ ለተራራው ዕቃ ሊያሰናዱ። እርስዎስ ተዘጋጁ?" አላቸው።

ማታ ይህን ሲነግራት እታገኝ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። "ምን አሉ?"

"'ሰላም በልልኝ' ብለው ዘጉት። ምነው?"

ቅዳሜ ጣቢያው ላይ ብትጠብቅ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ደውላ ይቅርታ ልትጠይቅ ስልኩን አንስታ መልሳ ታስቀምጠዋለች። በመጨረሻ ኣስማእ የተባለች ኤርትራዊት የሥራ ባልደረባዋ ልብስ መቀየሪያው ጋ አስቆመቻት።

"አደይ ኣብረኸት አዝነውብሻል። 'እታገኝም እንደ ሰዉ ሆነች፤ ኤርትራዊት ስለሆንኩ ተወችኝ' ሲሉ ነበር።"

እታገኝ ልብሷን ሳትቀይር ወጣች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ወደ ቤቷ ስትሄድ የመጣባት ሐሳብ ነው፦ እንደዚያ መስሏቸው ቢቀር ጥፋቱን ጦርነቱ ይወስድላት ነበር። ይህን ማሰቧን ስታውቅ በራሷ አፈረች። ቤቷ ሳትገባ ተመልሳ በአውቶቡስ ጻይልስሃይም ሄደች።

ወይዘሮ ኣብረኸት በሩን ከፈቱና "ግቢ" አሉ፤ እንደ ወትሮው አልሳሟትም።

"እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አለች እታገኝ እንደቆመች። "ማደሪያው አልሞላም። በአገር ጉዳይም አይደለም፤ በልጆቼ እምላለሁ። ዳገት ላይ ስለሚቆሙ ነው። ያስቀሩኛል ብዬ ነው የተውኩዎት።"

"እግሬ ነው?"

"እግርዎ ነው።"

ወይዘሮ ኣብረኸት ሶፋው ላይ ተቀመጡ። "ተመስገን" አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "እኔ ደሜን የጠላሽው መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እግርማ ያረጃል፤ ምን ይደረግ።"

እታገኝ ቁጣቸውን ጠብቃ ነበር የመጣችው። ምስጋናው ግን አንጀቷን በላው። እግራቸው ላይ ወድቃ "አልሄድም፤ እተወዋለሁ" አለች።

አሁን ተቆጡ። "ተነሺ! ስትቀሪ ደግሞ እኔ ያስቀረሁሽ ልሁን? ሂጂ። ግን ብትነግሪኝ ኖሮ አንድ ቀን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አሁን 'ስንቱን ቅዳሜ ታግሳኝ ይሆን' እያልኩ ሳስብ እኖራለሁ።"



በሐምሌ ከሬናተ ጋር ወደ ተራራው ሄደች። ሸንተረሩ ካርታው ላይ እንዳየችው አልነበረም። መንገዱ ጠቦ አለቱ ላይ የተቸነከረ የብረት ገመድ ይዘው የሚያልፉበት ቦታ ሲደርሱ ቁልቁል አየችና ገመዱን ጨብጣ ቆመች። ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለች። ሬናተና ከኋላቸው የደረሱ የማታውቃቸው ተጓዦች ቦርሳቸውን አውርደው ተቀመጡ። አንዱም ሰዓቱን አላየም፤ ሬናተ እጇን ይዛ "ስትችይ እንሄዳለን" አለቻት። እታገኝ አለቱን ተደግፋ አለቀሰች። ሰዎቹ በፍርሃት መስሏቸው አጽናኗት።

እንደተመለሰች ጻይልስሃይም ሄዳ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ይስቁብኛል ብላ ነበር።

"ጠበቁሽ?" አሉ ወይዘሮ ኣብረኸት።

"ጠበቁኝ።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ደጎች ናቸው" አሉ፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

እስከ መስከረም አልተደዋወሉም። አንድ ዓርብ ግን ወይዘሮ ኣብረኸት ራሳቸው ደውለው "ኒዳ ወንዝ ዳር ሜዳ ነው አሉ፤ ነገ እንሂድ?" አሏት። እታገኝ በጠዋት ደረሰች። እንዳትቀድማቸው ሆን ብላ ከኋላ ከኋላ ስትከተል ወይዘሮ ኣብረኸት ቆም ብለው ዞሩ።

"እንደ ዘበኛ ከኋላዬ አትሂጂ፤ ያሳቅቀኛል። ነይ፣ ጎኔ።"