አዲሱ ጠጠርና የአዴ ዘይነባ ማሽላ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተረከብኩት መኪና የውሃ ቦቴ ነበር። ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም፤ ጭሮን ገና አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። የመንገድ ጥገና ፎርማናችን ጋሽ ተሾመ ቁልፉን ሰጡኝና ጋቢና ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። "ንዳ፤ እኔ ዝም ብዬ አያለሁ" አሉኝ። ዝም ያሉት እስከ መጀመሪያው ኩርባ ድረስ ብቻ ነው።

ኩርባው ላይ ልቅ ጠጠር ፈስሶ ነበር። እኔ አስፋልት የለመድኩ ሰው፣ ፍሬን ረገጥኩ። መኪናው መሪዬን አልሰማ ብሎ እየተንሸራተተ ሄደና ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ። ጋሽ ተሾመ የወደቀ ኮፍያቸውን አንሥተው አራገፉ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንተ ግን ፍሬኑን ልቀቅ" አሉኝ።

ጠጠር ላይ ማርሽ የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ሳይገባ ነው። መሪ ይያዛል እንጂ አይታነቅም። ከፊት ካለው መኪናም ራቅ ማለት ነው፤ አለዚያ ከጎማው የሚፈናጠረው ድንጋይ መስታወት ያወርዳል። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ተማርኩ። ትልቁን ትምህርት የሰጡኝ ግን መኪና ነድተው የማያውቁ ሴትዮ ናቸው።

በዚያ ክረምት የምንሠራው ከገለምሶ ወደ መቻራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ገልባጮች የተፈጨ ድንጋይ ይደፋሉ፣ ግሬደሩ ይዘረጋዋል፣ እኔ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ ሩሎው ደግሞ ይጠቀጥቀዋል። ሩሎው ግን ተበላሽቶ ካምፕ ቀረ። ጋሽ ተሾመ አልተጨነቁም። "የመንገደኛው ጎማ ይጠቀጥቅልናል፤ ሁሉም አንድ ፈለግ እንዳይከተል ብቻ" አሉ።

መንገደኛው ግን እምቢ አለ። አዲስ ጠጠር ስለታም ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለት መኪኖች ጎማ ተነፈሰባቸው። ወሬው መቻራ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ ሹፌር ሁሉ እኛ የሠራነውን መንገድ ትቶ፣ ጎን ለጎን በማሳው ላይ የራሱን መንገድ አወጣ።

ማሳው የአዴ ዘይነባ ነበር። ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ ሌላ መሬት የላቸውም። ጉልበት የደረሰው ማሽላ የዓመት ቀለባቸው ነው። እሾህ አጠሩ፤ መኪኖቹ ረገጡት። ድንጋይ ደረደሩ፤ ረዳቶች እየወረዱ አነሡት።

በአራተኛው ቀን እኔም ከነቦቴዬ ወደ ማሳው ወረድኩ። ያን ጊዜ ከመጋዘን ጎማ ማስፈቀድ አበሳ ስለነበር ጎማዬን ላተርፍ ብዬ ነው። ማሳው መሐል ስደርስ አዴ ዘይነባ እጃቸውን ዘርግተው ፊቴ ቆሙ።

"ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ መንገዱን የምትሠራው አንተ አይደለህም?"

"ነኝ፣ እናቴ።"

"ለማን ነው የምትሠራው?"

"ለመኪና።"

"ይሄስ ምንድን ነው ታዲያ?" አሉና ኮፈኑን በመዳፋቸው ጧ አደረጉት።

በጣም አፈርኩ። ከእፍረቴ የተነሣ በኋላ ማርሽ ልወጣ ስሞክር ሌላ ረድፍ ማሽላ ጨፈለቅኩ። "ኧረ ተወው! በፊት ለፊት ውጣልኝ!" ብለው ጮኹብኝ።

ካምፕ ተመልሼ ለጋሽ ተሾመ ተናዘዝኩ። ብዙ አልተቆጡም። "ነገ ቦቴህን ሙላና ጠጠሩ ላይ ስትመላለስ ዋል" አሉኝ።

በማግሥቱ ስደርስ አዴ ዘይነባ ሦስት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው የማሳው መግቢያ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። "አንተ በመንገድህ ሂድ፤ እኛ እዚህ ነን" አሉኝ።

በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳልነካ፣ አንዴ በግራ ጠርዝ፣ አንዴ በመሐል፣ አንዴ በቀኝ እመላለስ ጀመር። ከመቻራም ከገለምሶም የመጡ መኪኖች ተሰለፉ። ሹፌሮቹ ዛፍ ጥላ ሥር ጫታቸውን ይዘው ጎማዬን ያያሉ። ሰላም ከዋልኩ ይከተሉኛል፤ ካልሆነ ማሽላው አለቀለት።

በስድስተኛው ምልልስ የፊት ጎማዬ ፊሽ አለ። ሳቁ ለጉድ ነበር። ቡና የጫነ አንድ ሹፌር ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ማሳው አዞረና ጥሩምባ ነፋ።

"እማማ፣ ይነሡ እንጂ! መኪና ነው!"

"ማሽላዬ መኪና ሲመጣበት ተነሥቶ ሸሸ? እኔም አልነሣም፣ ወላሂ!" አሉ አዴ ዘይነባ።

ጎረቤቶቻቸው ይባስ ብለው እግራቸውን ዘረጉ። ሹፌሩ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ ክሪክ ይዤ ላቤ ጠብ የሚለውን እኔን አየ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ክሪኩን ከእጄ ተቀበለኝ።

"ብሎኑን ፍታ፣ ቶሎ እንጨርስ። እኚህ ሴትዮ አይነሡም" አለኝ።

ጎማው ተቀየረ። እኔ ፊት፣ እሱ ከኋላዬ፣ ሌሎቹም በተራቸው ጠጠሩ ላይ ወጡ። ጋሽ ተሾመም ደርሰው ኮፍያቸውን እያወዛወዙ "አንተ በግራ! አንተ በመሐል!" እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። በሳምንቱ ጠጠሩ ተጠቅጥቆ ጠንክሮ ነበር፤ ማሳ ውስጥ የሚገባ መኪናም አልነበረም።

በመኸር በዚያ ሳልፍ አዴ ዘይነባ አስቆሙኝ። ማሽላው ከተረገጠው በስተቀር ደህና አፍርቷል። አንድ ጥንቅሽ ቆርጠው በመስኮት ሰጡኝ።

"ካንተ ጎማ የተረፈው ነው። ብላ" አሉኝ።

እየሳቅሁ ተቀበልኩ፤ ባዶውን ረድፍ እያየሁ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ፣ በመሰላም ሆነ በቦርደዴ፣ ያነጠፍነው ጠጠር ላይ ከማንም በፊት የምነዳው እኔ ነበርኩ። መንገድ የሠራ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይንዳበት። ጎማ ቢተነፍስ ይቀየራል።